የጓሮ ሸረሪትና የቅርብ ፎቶግራፍ፤ ከሥዕሉ ግርጌ ስለሚጻፈው ስም የቀረበ ሒስ

ካሜራ ያለው ስልክ በየተማሪው እጅ ከገባ ወዲህ፣ በጅቡቲ ከተማም ሆነ በሌላ ሥፍራ ለሥነ ሕይወት ትምህርት የሚቀርበው የተማሪ ሥራ መልኩን ለውጧል፡፡ ቀድሞ በእርሳስ ይነደፍ የነበረው ሸረሪት ዛሬ ዓይኑ እንደ ዶቃ እያብለጨለጨ፣ የእግሩ ጠጉር አንድ ባንድ እየተቆጠረ በፎቶግራፍ ይቀርባል፡፡ ከግርጌውም አንድ የላቲን ስም ይጻፋል፡፡ ትጋቱ የሚያስመሰግን ነው፡፡ ፎቶግራፍ አንሺው ተማሪ ቀድሞ በመጥረጊያ ይጠርገው ለነበረው ፍጥረት ተንበርክኮ ጊዜ ሰጥቶታልና፡፡

ይሁን እንጂ ሥዕሉና ስሙ ይስማማሉን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ ብዙውን ጊዜ አይስማሙም የሚል ነው፡፡ ለውበት ተብሎ የሚነሣ የቅርብ ፎቶግራፍ ሸረሪትን ለመለየት ከሚያስፈልገው ማስረጃ የሚበልጠውን ክፍል ቆርጦ ያስቀራል፡፡ ስሙ ግን ምንም እንዳልጎደለ ሁሉ እስከ መጨረሻው ደረጃ ይሄዳል፡፡ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ ሥዕሉ ከሚመሰክረው በላይ የሚያስመሰክረው የእኛ ችኮላ ነው፡፡

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

ጉዳዩ የአንድ የላቲን ቃል መሳሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር፡፡ ነገር ግን ከኋላው ሁለት ቁም ነገሮች አሉ፡፡

አንደኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው፡፡ ላትሮዴክቱስ ጂኦሜትሪኩስ የተባለች ቡናማ ሸረሪት ከንግድ ዕቃ ጋር እየተጓዘች በብዙ የዓለም ሞቃት አገሮች ተስፋፍታለች፡፡ መርከብና ኮንቴይነር የሚበዛበት ከተማ ለእንዲህ ዓይነቷ መንገደኛ የተመቸ ነው፡፡ ድሯን ከአበባ ማሰሮ ሥር፣ ከወንበር መቀመጫ በታች፣ ከተደረደረ ዕቃ መካከል ትሠራለች፡፡ መርዟ ነርቭን ከሚነኩት መርዞች ወገን ሲሆን ንክሻዋ ያማል፤ ደግነቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቁሮቹ ዘመዶቿ ንክሻ ይቀላል፡፡ ይህችን ሸረሪት በአንድ ቆንጆ ፎቶግራፍ ተመርቶ «ምንም አታደርግም» ብሎ የሰየመ ልጅ እጁን ሊሰድላት ይችላል፡፡ በአንጻሩ ደግሞ ዝንብና አንበጣ እያጠመደች የምትበላ፣ ሰውን የማትጎዳ የጓሮ ሸረሪት «መርዘኛ» የሚል ስም ስለተለጠፈባት ብቻ በጫማ ትደፈጠጣለች፡፡

ሁለተኛው የማስረጃ ጉዳይ ነው፡፡ ተማሪው ያላየውን እንዳየ አድርጎ መጻፍን ከሸረሪት ከጀመረ፣ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራም ያልለካውን እንደለካ አድርጎ ይጽፋል፡፡ ሳይንስን የምናስተምረው ከሁሉ በፊት «ይህን ከምን ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠትን ለማስለመድ ነው፡፡

አንድ ቃል፣ አያሌ ፍጥረት

በጅቡቲ ከተማ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ፍጥረት በቤቱ ሸረሪት ይለዋል፡፡ በፈረንሳይኛ ትምህርቱ አሬኜ፣ በዓረብኛ ዓንከቡት፣ በሶማልኛ ከሚነጋገሩ ጓደኞቹም ዓሮ ሲባል ይሰማል፡፡ አራቱም ቋንቋዎች የዕለት ተዕለት ንግግራቸውን በአንዳንድ ቃል ይወጣሉ፡፡ ሳይንስ ግን ሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ላይ፣ በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ በሚዘጋጀው የዓለም የሸረሪቶች መዝገብ መሠረት፣ የተሰየሙትን የሸረሪት ዝርያዎች ቁጥር 50,000 አድርሷል፡፡ ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ እየጨመረ ነው፡፡

በአንድ ቃልና በ50,000 መካከል ያለውን መንገድ ማንም በአንድ እርምጃ አይዘልቀውም፡፡ መንገዱ ደረጃ አለው፡፡ መጀመሪያ ፍጥረቱ ሸረሪት መሆኑ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ አስተኔው፣ ከዚያ ወገኑ፣ በመጨረሻ ዝርያው ይታወቃል፡፡ የመጀመሪያው ደረጃ እንኳ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፡፡ በምድረ በዳ የሚገኘውና በሌሊት መብራት ወዳለበት ሮጦ የሚመጣው ሶሊፉጌ ብዙ ጊዜ «ግዙፍ ሸረሪት» ተብሎ ፎቶግራፍ ይነሣል፡፡ እግሮቹ እንደ ሸረሪት 8 ናቸው፤ ነገር ግን የፊት መዳሰሻዎቹ ስለሚረዝሙ በሥዕል 10 እግር ያለው ይመስላል፡፡ ዓይኖቹ 2 ብቻ ናቸው፡፡ ድርም አያደራም፡፡ ከሸረሪትና ከጊንጥ ጋር አንድ መደብ ቢጋራም ሸረሪት አይደለም፡፡ ይህን አስቀድሞ የማይጠይቅ ሰው በሸረሪት መዝገብ ውስጥ የሌለን ፍጥረት ስም ሲፈልግ ይውላል፡፡

ሌላው ስሕተት ከመጽሐፍ የሚመጣ ነው፡፡ በፈረንሳይኛ የተፈጥሮ መጻሕፍት «የጓሮ ሸረሪት» ሲባል ቀድማ የምትታየው በጀርባዋ ላይ ነጫጭ ነጥቦች መስቀል የሚሠሩባት አራኔዩስ ዲያዴማቱስ ናት፡፡ ይህች ሸረሪት ስዊድናዊው ካርል ክለርክ በ1757 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ የሸረሪቶች ሳይንሳዊ ስያሜ በሚጀምርበት መጽሐፍ የተመዘገበች የአውሮፓ የጓሮ ሸረሪት ናት፡፡ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ በሚወርድበት በጅቡቲ ከተማ፣ በቡጌንቪልያ ሐረግ ላይ የተገኘችን ሸረሪት በዚህች ስም መጥራት የመጽሐፉን ሥዕል እንጂ ጓሮውን መመልከት አይደለም፡፡

የቀድሞዎቹ እንዴት ይሰይሙ ነበር?

የቀይ ባሕር አካባቢ ሸረሪቶች ስም የወጣላቸው ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ በፊት ጀምሮ ነው፡፡ የሊኔዩስ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ ካሰናዳው የጉዞ ቡድን ጋር በ1761 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ በግብፅ በኩል ወደ የመን ዘለቀ፡፡ በ1763 እ.ኤ.አ. ከባብ ኤል መንደብ ማዶ በየመን ምድር ታሞ ሞተ፡፡ ጽሑፎቹን ከሞት የተረፈው የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር በ1775 እ.ኤ.አ. አሳተመለት፡፡ ዛሬ ሲርቶፎራ ሲትሪኮላ እየተባለች የምትጠራው የድንኳን ድር ሠሪዋ ሸረሪት ዝርያዋን የሚያመለክተውን ስም ያገኘችው ከዚህ መጽሐፍ ነው፡፡

ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዩጂን ሲሞን በ1882 እ.ኤ.አ. ስለ ደቡብ የመን ሸረሪቶች፣ ጣልያናዊው ፒየትሮ ፓቬዚ በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ ሸዋ ሸረሪቶች ጻፉ፡፡ ሉሲየን ቤርላንም በ1922 እ.ኤ.አ. ባሮን ሞሪስ ደ ሮትሺልድ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ካደረገው የ1904 እና የ1905 ጉዞ የተሰበሰቡትን ሸረሪቶች አጠና፡፡ እነዚህ ሊቃውንት የሚሠሩት በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ከተቀመጠ ሸረሪት ነበር፡፡

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስተዋል ያስፈልጋል፡፡ አልኮል ቀለምን ያደበዝዛል፡፡ የብር መልክ ያለው ጀርባ በብልቃጥ ውስጥ ይጠፋል፤ ድሩም ከሸረሪቷ ጋር አይመጣም፡፡ ስለዚህ ሊቃውንቱ የማይደበዝዘውን ፈለጉ፡፡ እርሱም የሴቷ የመራቢያ አካል ቅርጽና፣ ወንዱ ዘሩን የሚያስተላልፍበት የመዳሰሻው ጫፍ አሠራር ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ የአብዛኛው ሸረሪት የዝርያ ስም የተመሠረተው በማጉያ መነጽር ብቻ በሚታዩት በእነዚህ ጥቃቅን አካላት ላይ ነው፡፡ ይህም የአካለ መጠን ጥያቄን ያስከትላል፡፡ ያልጎለመሰች ሸረሪት እነዚህ አካላት ስላልተሟሉላት ልምድ ያለው ሊቅ እንኳ ብዙ ጊዜ እስከ ዝርያ ድረስ ሊሰይማት አይችልም፡፡

ፎቶግራፍ የዚህ ተቃራኒ ነው፡፡ ብልቃጡ የሚያጠፋውን ቀለም፣ አቀማመጥና ድር ያቆያል፤ ብልቃጡ የሚያቆየውን ጥቃቅን አካል ግን በአብዛኛው ይሰውራል፡፡ ሁለቱ ምስክሮች የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው፡፡ ፎቶግራፍ ይዞ ብልቃጥ የሚሰጠውን መልስ የሚጠብቅ ሰው አንዱን ምስክር ጠርቶ የሌላውን ቃል የሚጽፍ ዳኛ ይመስላል፡፡

የቅርብ ፎቶግራፍ በደንብ የሚያሳየው

ሒስ ጉድለትን መቁጠር ብቻ አይደለምና የቅርብ ፎቶግራፍ የላቀበትን ነገር መመስከር ይገባል፡፡ እርሱም የዓይን አሰላለፍ ነው፡፡ አብዛኞቹ ሸረሪቶች 8 ዓይኖች አሏቸው፤ የአሰላለፋቸው ሁኔታ ግን ከአስተኔ አስተኔ ይለያያል፡፡

በጅቡቲ ከተማ ግድግዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ዝንብ የሚያድኑት ዘላይ ሸረሪቶች ከፊት 4 ዓይኖች አሏቸው፤ የመካከለኞቹ ሁለቱ እንደ መኪና ፋኖስ ተለቅ ያሉ ናቸው፡፡ ይህ በግልጽ ከታየ አስተኔው ታውቋል፡፡ በመሬት ላይ የሚሮጡት ተኩላ ሸረሪቶች ከታች 4 ትንንሽ፣ ከላይ 2 ትልልቅ፣ ከኋላ ደግሞ 2 ዓይኖች አሏቸው፡፡ በቅጠል ላይ የምትቀመጠው፣ እግሯ እሾኽ የበዛበት አረንጓዴዋ ፔውሴትያ ደግሞ ዓይኖቿ ባለ 6 ማዕዘን ቅርጽ ይሠራሉ፡፡ ይህን በእርሳስ ንድፍ ለተማሪ ማስረዳት ያደክማል፤ አንድ ጥርት ያለ የፊት ፎቶግራፍ ግን በአንድ ጊዜ ያስጨብጠዋል፡፡

ዳሩ ግን ይህም ወሰን አለው፡፡ ዓይኖቹ «ዘላይ ሸረሪት ነው» ይሉናል፤ «የትኛው ዘላይ ሸረሪት?» ስንል ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፡፡ ዋንዳ ቬሶሎቭስካና ቤያታ ቶማሺዬቪች በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች ያሳተሙት ጥናት ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ዝርያዎችን ከመሰሎቻቸው የሚለየው የመራቢያ አካላትን በሚያሳዩ ንድፎች ነው፡፡ በጎረቤት አገር ስም ያልነበራቸው ዝርያዎች በዚህ ዘመን እንኳ የሚገኙ ከሆነ፣ ከጅቡቲ ግድግዳ በተነሣ የፊት ሥዕል ሥር በድፍረት የዝርያ ስም መጻፍ ከሊቃውንቱ መቅደም ነው፡፡

የቅርብ ፎቶግራፍ የሚሰውረው

በመጀመሪያ መጠንን ይሰውራል፡፡ 5 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዘላይ ሸረሪትና 25 ሚሊ ሜትር የምትደርስ አርጂዮፔ በወረቀት ላይ እኩል ገጽ ይሞላሉ፡፡ ተማሪው ከሥዕሉ ግርጌ ስም ሲጽፍ ልኬት ግን አይጽፍም፡፡ ካርታ ያለ መለኪያ የማይቀበል የጂኦግራፊ መምህር አለ፤ የሥነ ሕይወት መምህርም ከእርሱ ሊያንስ አይገባም፡፡

ሁለተኛ፣ ጥራቱ ራሱ ያታልላል፡፡ ሌንሱ እጅግ ሲቀርብ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፡፡ ዓይኖቹ ሲጠሩ ሆዱ ይደበዝዛል፡፡ ተመልካቹ በጠራው ተማርኮ የደበዘዘውን እንዳየ ይቆጥረዋል፡፡

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ድሩን ቆርጦ ያስቀራል፡፡ ለዚህ ሲርቶፎራ ሲትሪኮላ ጥሩ አብነት ናት፡፡ ይህች ሸረሪት የምትሠራው እንደ መንኮራኩር የቆመ ድር ሳይሆን በአግድም የተዘረጋ፣ እንደ ወንፊት የደቀቀ፣ መካከሉ እንደ ድንኳን ከፍ ያለ መረብ ነው፡፡ መረቡ አያጣብቅም፤ ከበላዩ ያሉት የተወሳሰቡ ክሮች የሚበረውን ነፍሳት መትተው ይጥሉታል፣ እርሷም ከሥር ተንጠልጥላ ትጠብቃለች፡፡ የእንቁላል ከረጢቶቿን በላይዋ በተርታ ትደረድራለች፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙዎች ድራቸውን እያያያዙ አንድ ቁጥቋጦ ሙሉ በኅብረት ይይዛሉ፡፡ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል ለተማሪ በዓይን ለማሳየት የሚሻ መምህር ከዚህች ሸረሪት የተሻለ ማሳያ አያገኝም፡፡

እንግዲህ የዚህችን ሸረሪት ፊት ብቻ አቅርቦ ያነሣ ሰው ምን ቀረው? ቀለሟ ከግራጫ እስከ ጥቁር ስለሚለያይ በቀለም አትታመንም፡፡ ድንኳኑ፣ የከረጢቱ ተርታና ጉርብትናው ግን ከሁለት ሜትር ርቀት በተነሣ ተራ ፎቶግራፍ ይታዩ ነበር፡፡ ያ ተራ ፎቶግራፍ ከዚህኛው ውብ ፎቶግራፍ ይልቅ ብዙ ይናገራል፡፡

በዚሁ ድር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፡፡ በሲርቶፎራና በአርጂዮፔ ድር ዳር ዳር እንደ ብር ጠብታ የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ሸረሪቶች ይታያሉ፡፡ ተማሪው «እናትና ልጆቿ» ብሎ ይጽፍባቸዋል፡፡ እነርሱ ግን ልጆቿ ሳይሆኑ አርጊሮዴስ የተባሉ፣ የሌላ አስተኔ አባላት የሆኑ የምግብ ሌቦች ናቸው፤ ከባለቤቷ ድር ላይ የተያዙትን ትንንሽ ነፍሳት ይለቃቅማሉ፡፡ አንድ ሥዕል ላይ አብሮ መታየት ዝምድናን አያረጋግጥም፡፡

አራተኛ፣ የሆዱን ሥር ይሰውራል፡፡ መጀመሪያ የጠቀስናት ላትሮዴክቱስ በጀርባዋ በኩል ስትታይ መልኳ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለዋወጣል፤ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለች ልትሆን ትችላለች፡፡ መለያዋ ከሆዷ ሥር ያለው የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ የያዘ ብርቱካናማ ምልክት ነው፡፡ ይህን ለማየት ብሎ ሸረሪቷን በእንጨት መገልበጥ ግን ሞኝነት ነው፤ ተማሪ ፈጽሞ እንዳያደርገው መከልከል ያስፈልጋል፡፡ ደግነቱ ሳይነኳት የሚታይ ሌላ ምስክር አለ፡፡ የእንቁላል ከረጢቷ ክብ ሆኖ በዙሪያው እንደ እሾኽ ያሉ ጉጦች የወጡበት ነው፡፡ በተዝረከረከ ድር ውስጥ እንዲህ ያለ እሾኻም ከረጢት ያሳየ ፎቶግራፍ ሸረሪቷ ራሷ ባትታይበት እንኳ «እጃችሁን አርቁ» ለማለት ይበቃል፡፡ ውብ የሆነው የጀርባ ሥዕል ግን ለዚህ አይበቃም፡፡

አንድ በቅጡ የሚሳካ ምሳሌ

ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ይወድቃል ማለት ግን አይደለም፡፡ አርጂዮፔ ሎባታ የተባለችው ትልቅ የጓሮ ሸረሪት ሥዕል ሲስማማት የምትታወቅ ናት፡፡ በቆመ ክብ ድር መካከል ራሷን ወደ ታች ደፍታ ትቀመጣለች፤ እግሮቿን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስለምትዘረጋ መስቀለኛ መልክ ትይዛለች፡፡ ብዙ ጊዜ በድሩ መካከል ወፍራም የተጠማዘዘ የሐር ጥልፍ ትጠልፋለች፡፡ ጀርባዋ በብር መልክ ያንጸባርቃል፤ የሆዷ ዳር ዳር ደግሞ እንደ ቅጠል ጠርዝ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፡፡

ጥልፉና አቀማመጡ «አርጂዮፔ» ያሰኛሉ፡፡ ጎበጥ ጎበጥ ያለው የሆድ ጠርዝ በጎለመሰች ሴት ላይ ሲታይ «ሎባታ» ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል፤ ዘመዷ አርጂዮፔ ትሪፋሽያታ ሆዷ ለስላሳ ጠርዝ ያለውና በአግድም መስመሮች የተዥጎረጎረ ነውና፡፡ ድሩ የቆመ ስለሆነ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው ዞሮ የሆዷን ሥር ሳይነካት ማንሣት ይችላል፡፡ እንግዲህ ይህ ሥራ የሚመሰገነው ስሙ ስለተገኘ ብቻ ሳይሆን ለስሙ ምክንያት ስለቀረበ ነው፡፡ በዚያው ድር ጠርዝ የሚገኘው፣ ከሴቷ እጅግ የሚያንሰው ወንድ ግን ለብቻው ፎቶግራፍ ቢነሣ በዚህ መለያ አይታወቅም፡፡ ልጆቿም እንዲሁ፡፡

የብልጭታ መብራት በዚህች ሸረሪት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም መጥቀስ ይገባል፡፡ ብር መሰል ጀርባዋ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ መስመሮቿና ጠርዟ በነጭ ይዋጣሉ፡፡ ለጌጥ ያምራል፤ ለምስክርነት ግን አይረባም፡፡

በስልክ ስለሚገኘው ስም

ተማሪው ስሙን ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ «ስልኩ ነገረኝ» የሚልበት ዘመን ነው፡፡ በ2008 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተጀመረው አይናቹራሊስት የተባለው መድረክ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶግራፍ ተቀብሎ ስም ይጠቁማል፡፡ መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ለመምህሩም ወደ ትክክለኛው አስተኔ የሚመራ ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል፡፡ ነገር ግን የሚጠቁመው ቀደም ሲል ከቀረቡለት ሥዕሎች ጋር በማመሳሰል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፡፡ ከአውሮፓና ከአሜሪካ እጅግ ብዙ ሥዕል ቀርቦለታል፤ ከአፍሪካ ቀንድ የሚቀርበው ከዚያ ጋር አይወዳደርም፡፡ ስለዚህ የጅቡቲዋን ሸረሪት በሩቅ አገር ዘመዷ ስም ቢጠራ አያስደንቅም፡፡

በዚያ መድረክ አንድ ስም የሚጸናው ከመላሾቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙበት ነው፡፡ ይህ ለብዙ ፍጥረት መልካም ዘዴ ነው፡፡ ሆኖም ሦስት ሰዎች በአንድ ሥዕል ላይ ቢስማሙ በሥዕሉ ያልታየው አካል አይታይም፡፡ የድምፅ ብልጫ የማጉያ መነጽርን አይተካም፡፡

አንሲ ዲፔናር-ስኩማንና ሩዲ ጆኬ በ1997 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ያሳተሙትን የአፍሪካ ሸረሪቶች መለያ መጽሐፍ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል፡፡ መጽሐፉ ጥያቄ በጥያቄ እያስከተለ በቅድሚያ ወደ አስተኔው ያደርሳል፡፡ ንድፎቹ እንደ ፎቶግራፍ አያምሩም፤ ግን እያንዳንዱ ንድፍ አንባቢው ምን መመልከት እንዳለበት መርጦ ያሳያል፡፡ ስልኩ መልስ ይሰጣል፣ መጽሐፉ ጥያቄ ይሰጣል፡፡ ለትምህርት ቤት የሚሻለው ሁለተኛው መሆኑ አያከራክርም፡፡

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች «ተማሪ ስም ካላገኘ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል፤ እስከ ዝርያ ካልደረሰ ሥራውን እንዳልጨረሰ ይሰማዋል» ይሉ ይሆናል፡፡ አስተያየቱ ክብደት አለው፡፡ ልጅን የሚያተጋው ድል ማድረግ ነውና፡፡ ነገር ግን ድሉን የሚወስነው መምህሩ ነው፡፡ ለዝርያ ስም ብቻ ሙሉ ማርክ የሚሰጥ መምህር ግምትን ያበረታታል፡፡ «አስተኔው ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ ለመሄድ የሆዱ ሥር ስላልታየ አልችልም» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ የሚሰጥ መምህር ግን ማየትን ያበረታታል፡፡ ሁለተኛው ተማሪ በማግሥቱ የሆዱን ሥር የሚያሳይ ሥዕል ለማንሣት ተመልሶ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ግን ሥራውን እንደጨረሰ ቆጥሮ ይተወዋል፡፡

ሌሎች ደግሞ «ማጉያ መነጽር በሌለበት ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ጥንቃቄ መጠየቅ ቅንጦት ነው» ሊሉ ይችላሉ፡፡ በተቃራኒው ነው፡፡ ጥንቃቄው የሚጠይቀው ተጨማሪ መሣሪያ ሳይሆን ተጨማሪ ሥዕልና አንድ ማስመሪያ ነው፡፡

ምን ይደረግ?

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት አንድ ሸረሪት በአንድ ሥዕል ሳይሆን በአምስት ሥዕሎች መቅረብ አለባት፡፡ አንደኛው የተገኘችበትን ሥፍራ ከነተክሉ ወይም ከነግድግዳው የሚያሳይ፤ ሁለተኛው ድሩን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ፤ ሦስተኛው ጀርባዋን፤ አራተኛው በድሩ በስተኋላ ዞሮ የሆዷን ሥር፤ አምስተኛው ዓይኖቿን የሚያሳይ ይሁን፡፡ የመጨረሻው ተማሪው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያነሣው ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ነው፡፡ ቢያንስ በአንደኛው ሥዕል ላይ ማስመሪያ ከአጠገቧ ይታይ፡፡ ሸረሪቷን መንካት፣ በብልቃጥ መያዝ ወይም መገልበጥ አያስፈልግም፤ መርዘኛ ልትሆን ትችላለች ተብላ የምትጠረጠር ከሆነም የእጅ ርዝመት ያህል ርቆ ማንሣት ይበቃል፡፡

ለጅቡቲ ከተማ የሚስማማው ሰዓት ማለዳ ነው፡፡ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስታበራ ክሮቹ ይታያሉ፤ ከድሩ በስተጀርባ ጥቁር ጨርቅ የያዘ አንድ ጓደኛ ቢቆም ደግሞ ይበልጥ ይለያሉ፡፡ በበጋው ወራት አቧራ ይዞ የሚነፍሰው ካምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ ከተነሣ ድሩ ስለሚበጣጠስ፣ ያን ዕለት የተነሣ ሥዕል የድሩን ትክክለኛ ቅርጽ እንደሚያሳይ መቆጠር የለበትም፡፡

ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈውም ስም ብቻ መሆኑ ይቅር፡፡ ሦስት መስመር ይኑረው፡፡ በመጀመሪያው መስመር ማስረጃው የፈቀደው ስም፣ በሁለተኛው ለዚያ ያበቃው ምልክት፣ በሦስተኛው ደግሞ ሳይታይ የቀረው ነገር ይጻፍ፡፡ ለምሳሌ ያህል፦ «ወገን ሲርቶፎራ፤ በአግድም የተዘረጋ የድንኳን ድርና በተርታ የተደረደሩ የእንቁላል ከረጢቶች ታይተዋል፤ የሆዷ ሥር አልታየም፣ መጉለምሷም አልታወቀም፡፡» እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከአንድ ረዥም የላቲን ስም ይልቅ ለቀጣዩ ተመልካች ይጠቅማል፡፡ ነገ ሌላ ተማሪ ወይም አንድ ሊቅ ቢመለከተው ከየት መቀጠል እንዳለበት ያውቃል፡፡

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የተማሪ ፎቶግራፎች ማውረድ አያስፈልግም፤ ያምራሉና ይቀመጡ፡፡ መምህሩ ግን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን ከየሥዕሎቹ ፊት አቁሞ «ይህን ስም ከሥዕሉ የትኛው ክፍል ላይ አነበባችሁት? ጣታችሁን አኑሩበት» ብሎ ይጠይቃቸው፡፡ ጣት የሚቀመጥበት ቦታ ከጠፋ ስሙ ተሰርዞ፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጻፍ፡፡